«ሕግ የለውም» ስለሚባለው እንግሊዝኛ፦ ተረትና እውነታ

በዋሽንግተን ግዛቷ ቱክዊላ ከተማ ውስጥ ሐበሻ ቡና ይዞ በተሰበሰበበት ሁሉ ስለ እንግሊዝኛ የሚነገር አንድ አባባል አለ፤ «ቋንቋው ሕግ የለውም፤ መሸምደድ ነው እንጂ መማር የሚባል ነገር የለም»። ተናጋሪው ማስረጃ አያጣም። ሱፐርማርኬት ገብቶ «ሳልሞን» ብሎ ዓሣ የጠየቀ ሰው፣ ሻጩ «ሳመን?» ብሎ ሲመልስለት ያፍራል። «ሪሲፕት» ብሎ ደረሰኝ ሲጠይቅ ከጎኑ የቆመው ልጁ «አባዬ፣ ፒዋ አትነበብም፤ ሪሲት ነው የሚባለው» ይለዋል። በአይ-90 ወደ መርሰር አይላንድ ሲነዳ፣ ሰሌዳው ላይ ተጽፋ የሚያያትን ኤስ ማንም ሲጠራት ሰምቶ አያውቅም። ሀሁ ቆጥሮ፣ ያየውን ፊደል ሁሉ እያነበበ ላደገ ሰው ነገሩ ግራ ቢያጋባው አይፈረድበትም።

ችግሩ ያለው ምክሩ ላይ ነው። «ሕግ የለውም» የተባለ ሰው ሕግ አይፈልግም። ከሥራ ደክሞት ገብቶ፣ አንዱን ቃል ደብተር ላይ ሃያ ጊዜ ሲገለብጥ ያመሻል፤ በነጋታው ሌላ ሃያ። ትናንት የሸመደደው ዛሬ ካየው ቃል ጋር ምን እንደሚያገናኘው የነገረው የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ቃል አዲስ ፈተና ይሆንበታል፤ ጥቂት ወራት ታግሎ «ይሄ ለእኔ የሚሆን አይደለም» ብሎ ትምህርቱን ይተዋል። ይህን ምክር የሚሰጡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የመጡ፣ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ሕጉ በልምድ ስለገባቸው መኖሩን ረስተውታል። ይህ ግን አዲስ የመጣውን ሰው ተስፋ ለማስቆረጥ ፈቃድ አይሆናቸውም።

እውነታው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1966 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፖል ሃና የሚመራ ቡድን ወደ 17,000 የሚጠጉ የእንግሊዝኛ ቃላትን በኮምፒውተር ፈተሸ። ኮምፒውተሩ የተሰጠው ድምፅ ወደ ፊደል የሚቀየርበትን ሕግ ብቻ ነው፤ አንድም ቃል አልሸመደደም። ከቃላቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ስሕተት ጻፈ። ከሲሶ የሚበልጡትን ደግሞ የሳተው በአንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ሕጎቹ ብዙና ውስብስብ መሆናቸው አይካድም፤ ቋንቋው ቀላል ነው የሚል ሰውም ይዋሻል። ግን ሕግ የሌለው ነገር ይህን ያህል ሊገመት አይችልም።

የማይነበቡት ፊደላትስ? አብዛኞቹ በአንድ ወቅት ይነበቡ ነበር። ቢላዋን «ናይፍ»፣ ጉልበትን «ኒ» ብለው የሚጠሩት እንግሊዞች እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ግድም መነሻዋን ኬ ይጠሯት ነበር። «ላይት»፣ «ናይት»፣ «ራይት» ውስጥ ያሉት ጂ እና ኤችም፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች «ኸ» ሲሉ ከጉሮሮ የምትወጣዋን የመሰለች ድምፅ ነበራቸው። ድምፁ ሞተ፤ ጽሕፈቱ ቀረ።

ሌሎቹን ደግሞ ሆን ብለው የጨመሯቸው ሊቃውንት ናቸው። ሳመን ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ኤል አልነበረውም። የላቲኑን «ሳልሞ» ያስታወሱ ጸሐፊዎች ለክብሩ ብለው ኤሏን ሰነቀሩበት። ሪሲት ፒዋን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት»ም መሐሉ ላይ ያለችውን ቢ ያመጣው ከላቲን ነው። የአይላንድ ነገር ግን ይበልጥ ያስገርማል። ቃሉ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ከላቲን ጋር ዝምድና የለውም። ኤሷ የገባችው ይዛመዳል ብለው በተሳሳቱ ሰዎች እጅ ነው። እንግዲህ ሳልሞን ብሎ ያነበበው አባት የሚያፍርበት ምክንያት የለም። ያነበበው በትክክል የተጻፈለትን ነው፤ ስንቅሩን የፈጸሙት ከሞቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው።

አናባቢዎቹ የተበላሹት በሌላ ምክንያት ነው። ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ውስጥ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ሁሉ ቦታ ለቀቁ። ዛሬ «ታይም» የሚባለው «ቲም»፣ «ሃውስ» የሚባለው «ሁስ»፣ «ኔም» የሚባለው «ናመ» ከሚለው የቀረበ ድምፅ ነበረው። ለምን እንደተለወጡ ምሁራን እስካሁን አልተስማሙም። ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ቤት ሲከፍት ለውጡ ገና መንገድ ላይ ነበር። አታሚዎች የድሮውን አጻጻፍ እርሳስ ላይ አጸኑት፤ የሰዉ አፍ ግን መለወጡን ቀጠለ።

ይህን ታሪክ ማወቅ ለፈተና አይጠቅምም የሚል ይኖራል። ይጠቅማል። በኬና በኤን የሚጀምር ቃል ሲመጣ ኬዋን መተው፣ በደብልዩና በአር ሲጀምር ደብልዩዋን መተው፣ ተራ ቃላት ላይ ሁሉ የሚሠራ ሕግ ነው። ሲ ከኢ፣ ከአይ ወይም ከዋይ በፊት ስትመጣ እንደ ስ፣ ከኤ፣ ከኦ ወይም ከዩ በፊት እንደ ክ ትነበባለች፤ «ሲቲ» እና «ካር» በአንድ ፊደል የሚጀምሩት ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ ኢ ከበፊቷ ያለውን አናባቢ ትለውጠዋለች፤ «ሆፕ» ብሎ መዝለል «ሆውፕ» ብሎ ተስፋ የሚሆነው በእሷ ነው። «ሃቭ» እና «ጊቭ» ላይ ይህ ሕግ የማይሠራው፣ እንግሊዝኛ ቃልን በቪ መጨረስ ስለማይወድ ኢዋ ለማሳረፊያ ብቻ ስለተጨመረች ነው። ስሕተት የሚመስለው ነገር እንኳ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው።

በእርግጥ መሸምደድን ግድ የሚሉ ቃላት አሉ። ኦ-ዩ-ጂ-ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት «ዞው»፣ «ስሩ»፣ «ተፍ»፣ «ኮፍ» ሲሆኑ ምንም ሕግ አያድንም። ግን እነዚህ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለእነሱ ሲባል ቋንቋውን በሙሉ መሸምደድ የዋህነት ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚዞር ሌላ ወሬ አለ። ደራሲው በርናርድ ሾው ጂ-ኤች-ኦ-ቲ-አይ ብሎ ጽፎ «ፊሽ ተብሎ ይነበባል» አለ ይባላል። ቀልዱ በ1855 በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ይገኛል፤ ሾው የተወለደው በ1856 ነው። ይዘቱም ውሸት ነው። ጂ-ኤች የፍ ድምፅ የምትሰጠው እንደ «ላፍ» ባሉ ቃላት ከአናባቢ በኋላ እንጂ ቃል ስትጀምር አይደለም። ይህን ቀልድ ለጀማሪ ተማሪ እንደ ማስረጃ መንገር ማታለል ነው።

«አማርኛ ግን እንደሚነገር ይጻፋል» የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ፊደላችን ከእንግሊዝኛው እጅግ የተሻለ ታማኝ ነው። ሆኖም ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ በግዕዝ ዘመን የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፤ ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ፊደላቸው ብቻ ቀርቷል። የናይፍ ኬ ታሪክም ይኸው ነው። ማጥበቅና ማላላትም አይጻፍም። ገና በዓሉ ይሁን «ገና አልደረሰም» የምንለው፣ አንባቢ የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው።

የአካባቢው ስሞችም በእንግሊዝኛ ላይ ሊመሰክሩ አይችሉም፤ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ አይደሉምና። ፕዩአለፕ እና ስክዊም ከነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጡ ናቸው። ከተማው በ1908 የያዘው ቱክዊላ የሚለው ስም ራሱ ሃዘልነት ከሚባለው ለውዝ ጋር ይያያዛል፤ እኛ በቱ ብንጽፈውም ነዋሪው «ተክዊላ» ይለዋል፣ ዊ ላይ ረግጦ። ሃይላይን ኮሌጅ የሚገኝባት ደሞይንዝ ደግሞ ስሟን የወሰደችው ከአዮዋዋ ከተማ ነው። እዚያ ኤሷ ትዋጣለች፤ እዚህ ግን ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ኤስ ይጠራታል። ሁለቱም ወገን አልተሳሳተም።

«ልጁ እንግሊዝኛው እንዳይበላሽ ቤት ውስጥ አማርኛ አታናግሩት» የሚለው ምክር ከሁሉም ያናድዳል። ሁለት ቋንቋ የሕፃንን አእምሮ አያምታታም። የቱክዊላው ፎስተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚያስመርቃቸው ተማሪዎች ቤታቸው የሚነገረው ቋንቋ ስንት ዓይነት እንደሆነ ያየ ሰው ይህን አይልም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚያድግ ልጅ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ከእናቱ ጋር በሙሉ አፉ መነጋገርን ግን ያጣል።

«አክሰንት ያለው ሰው ቋንቋውን አያውቅም» ማለትም ያው ነው። እንግሊዝኛ ሰሚን ይበልጥ የሚያደናግረው የት እንደሚረገጥ መሳት ነው። አማርኛ ቀለማቱን እኩል ያስኬዳል፤ እንግሊዝኛ አንዱን ረግጦ የቀሩትን ወደ ኧ የቀረበ ደካማ ድምፅ ያደርጋቸዋል። ጊዜ ያለው ሰው ለዚህ ልምምድ ቢያውለው ይሻላል።

የመጨረሻው ተረት ብዙ ሰው ዜግነት ከማመልከት አስቀርቷል፤ «ፈተናው ላይ አንዲት ፊደል ከሳትክ ወደቅክ» የሚለው። የዜግነት ፈተናው በንባብና በጽሕፈት የሚጠይቀው ከሦስት ዐረፍተ ነገር አንዱን ማንበብና ከሦስት አንዱን መጻፍ ነው። የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የውጤት መመሪያ እንደሚለው፣ የአጻጻፍ ግድፈት ትርጉሙን እስካልሰወረ ድረስ አይጥልም፤ በንባቡም አነጋገር ትርጉም እስካላዛባ ድረስ አይጥልም። የሚጠየቁት ቃላት ዝርዝርም ታትሞ በነፃ ይገኛል፤ ራይት፣ ሃቭ፣ ሲቲዝን፣ ኮንግረስ ሁሉም እዚያ ላይ አሉ። የኪንግ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት «ቶክ ታይም» የሚባል ነፃ የእንግሊዝኛ መለማመጃ ያካሂዳል። በስፔሊንግ ፍርሃት ማመልከቻውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ አውጡና አስገቡት።