ላይዳና ላይዳር

በገሱባ ዙሪያ ጤፍ ተወቅቶ ሲያልቅ ገበሬው ወዲያው ማዝሪያ ላይዳውን አያነሳም። መጀመሪያ ከአውድማው እፍኝ እብቅ ዘግኖ ወደ ላይ ይበትንና የት እንደሚወድቅ ይመለከታል። ቀጥ ብሎ ከወረደ ይጠብቃል፤ ወደ ጎን ከሄደ ማዝራት ይጀምራል። ነፋሱን ያየ የለም፤ የታየው እብቁ ነው።

ላይዳር የሚባለው የነፋስ መለኪያም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። የላይዳና የላይዳር ስም የተቀራረበው በአጋጣሚ ነው። ላይዳር መሬት ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ሲሆን፣ ለዓይን የማይታይ የሌዘር ጨረር ወደ ሰማይ ይልካል። ጨረሩ አየር ላይ ከተንሳፈፈ አቧራ፣ ጭስና ጠብታ፣ ባሕር ላይ ደግሞ ከጨው ብናኝ ነጥሮ ይመለሳል። ብናኙ ከነፋሱ ጋር ስለሚጓዝ የተመለሰው ብርሃን ድግግሞሽ በጥቂቱ ይለወጣል። በጥቂቱ ሲባል በእርግጥም ጥቂት ነው፦ በሴኮንድ 193 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ከሚርገበገበው ብርሃን፣ 1 ሜትር በሴኮንድ የሚጓዝ ብናኝ የሚለውጠው 1.3 ሚሊዮኑን ብቻ ነው። መሣሪያው ይህንን ለይቶ ያነባል።

ስለዚህ «ላይዳር ነፋስን ያያል» የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ከባድ ዝናብ አየሩን አጥቦ ሲያነጻው መሣሪያው የሚያነበው ያንሰዋል፤ ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ጨረሩ ይታፈናል። የበጋ አቧራ ለሰው ጉሮሮ ክፉ ቢሆንም ለላይዳር ሲሳይ ነው።

ነፋስን ለመለካት ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የነፋስ ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ ነው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በ27 በመቶ ይወርዳል። የአሸጎዳን 120 ወይም የአዳማ 2ን 153 ሜጋ ዋት የሚያህል የነፋስ ኃይል ጣቢያ ለሚያቅድ ሰው ይህ ልዩነት ብድርን የመክፈልና ያለመክፈል ጉዳይ ነው።

ላይዳር ሞገስ ያገኘው ባሕር ላይ ነው። ጀርመን በፈረንጆች 2003 በሰሜን ባሕር ላይ ያቆመችው ፊኖ 1 የተባለ የመለኪያ ምሰሶ ቁመቱ 100 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ብረት ከባሕር ወለል ላይ መትከል እጅግ ውድ ስለሆነ ዛሬ ላይዳር በተንሳፋፊ ቦያ ላይ ተጭኖ ይለካል። ማዕበል ቢያወዛውዘውም የንባቡ አማካይ በየ10 ደቂቃው ስለሚያዝ ውዝዋዜው በአብዛኛው ይጣፋል።

ባሕር የሚመቸው ግን በሌላ ምክንያትም ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ላይዳር ከራሱ በላይ ያለችን አንዲት ነጥብ አይለካም። በሰፊው የሚሠራበት ዓይነት አራት ጨረሮችን ከቀጥታው 28 ዲግሪ አዘንብሎ በአራት አቅጣጫ ይልካል። 100 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርሱ ተቃራኒዎቹ ጨረሮች በ106 ሜትር ያህል ይራራቃሉ። መሣሪያው በዚያ ስፋት ውስጥ ነፋሱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ያሰላል። በሜዳማው ባሕር ላይ ይህ እውነት ነው። እንደ ዳሞታ ባለ ተራራ አናት ላይ ግን አይደለም፤ ነፋሱ በአንድ ወገን ሽቅብ ይወጣል፣ በሌላው ቁልቁል ይወርዳል።

በቁጥር ይታይ። እውነተኛው ነፋስ 8 ሜትር በሴኮንድ ይሁን፤ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ባለው ጨረር በኩል 0.3 ሽቅብ፣ በተቃራኒው 0.3 ቁልቁል ይንቀሳቀስ። ላይዳር 7.4 ያህል ያነባል። በሦስተኛ ርቢ ሲሰላ 20 በመቶ የሚሆነው ኃይል ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ ቀረ ማለት ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፤ የተሰጠውን ስሌት በታማኝነት ሠርቷል። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ አዳማም አሸጎዳም ተርባይኖቹ የቆሙት በከፍታ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይዳርን ለተወሰነ ጊዜ ከምሰሶ አጠገብ አቁሞ ማነጻጸርና ንባቡን በመሬቱ አቀማመጥ ማረም ግዴታ ነው።

አንዳንዱ ሠራተኛ ይህ ቀርቶ ጨረሩ የሚወጣበትን መስተዋት እንኳ አይወለውልም። ሳጥኑን ጥላ ፍለጋ ባሕር ዛፍ ሥር የሚያስቀምጥም አለ። ከዛፉ 10 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ እንኳ ወደ ዛፉ ያዘነበለው ጨረር ከ19 ሜትር ከፍታ በታች ከቅርንጫፉ ጋር ይላተማል፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበው የነፋስ ሳይሆን የቅጠል እንቅስቃሴ ነው። የገሱባ ገበሬ አውድማውን በእበት የሚለቀልቀው ከዛፍ ርቆ፣ ነፋስ እንደ ልቡ በሚያልፍበት ገላጣ ላይ ነው።