ወገብ የሚጠነክረው በልክ ሲሠራ ነው

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የእናቶች ሥራ አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው ወገብ ላይ ነው። ውኃ ከምንጭ ታዝሎ ዳገት ይወጣል፤ እንጨትና ኩበት በጀርባ ይመጣል፤ በመንዝ ደግሞ ለባናና ለዝተት የሚሆነው የበግ ፀጉር የሚፈተለው ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ነው። ሃያ ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን ብቻውን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በከተማም ቢሆን በፋብሪካ ቆማ ወይም በቢሮ ተቀምጣ የምትውል፣ ማታ ደግሞ ልጅ የምታዝል እናት ከዚህ ችግር አላመለጠችም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ሕመሙ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል።

ብዙዎች ወገባቸው ሲያማቸው መቀነታቸውን አጥብቀው ለሳምንታት ይተኛሉ። ይሁን እንጂ ሥራ የፈታ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ በዚህም ምክንያት ቀድሞ ቀላል የነበረው ሥራ ይከብዳል፣ ሕመሙም ይብሳል። ድርጅቱ በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለሥር ሰደድ የወገብ ሕመም የሰውነት እንቅስቃሴንና ትምህርትን ሲደግፍ፣ የወገብ መደገፊያ ቀበቶን ግን ለሕክምና አልመከረም።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? በመጀመሪያ በየቀኑ ለ10 ደቂቃ በሜዳ ላይ መራመድ ነው። ቀጥሎ በሰሌን ላይ በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዳሌን ቀስ ብሎ ማንሳትና እስከ 5 ቆጥሮ ማውረድ ነው። ሦስተኛው በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነው። እያንዳንዱን 5 ጊዜ ጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር ይበቃል።

መለኪያው የማግስቱ ጠዋት ነው። ሕመሙ እንደ ወትሮው ከሆነ መቀጠል ይቻላል። ከወትሮው ከባሰ መጠኑን በግማሽ መቀነስ እንጂ ጨርሶ መተው አይገባም። ሸክምም እንዲሁ ነው፤ 20 ሊትሩን በአንድ ጊዜ ከመሸከም በ5 ሊትር ጀምሮ መመላለስ ይሻላል። ዕቃ ሲነሳ ጉልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መሆን ይኖርበታል።

ይሁንና እናት ብቻዋን ይህን ሁሉ ልታደርግ አትችልም። ባልና የደረሱ ልጆች ውኃውንና እንጨቱን ካልተጋሩ፣ አህያ ያለውም ቤት ጭነቱን በአህያ ካላደረገ፣ ጠዋት የተገነባው ጉልበት ማታ ይፈርሳል።

አንዳንድ ምልክቶች ግን እንቅስቃሴን ሳይሆን ሐኪምን ይጠይቃሉ። እግር ከደከመ፣ በእግሮች መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር መቆጣጠር ካልተቻለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ወገብ በወጌሻ ማሳሸትና ማስረገጥ አደገኛ ነው። በአካባቢው የመሐል ሜዳ ሆስፒታልና በዓለም ከተማ የሚገኘው እናት ሆስፒታል አሉ።

እህቶች፣ ወገብ ባንድ ጀንበር አልደከመም፤ ባንድ ጀንበርም አይጠነክርም። ዛሬ በ5 የተጀመረ ግን ከወራት በኋላ ልጅ ለማዘል፣ እንጀራ ለመጋገርና ሠርቶ ለመግባት የሚያበቃ ጉልበት ይሆናል።