የትምህርት ቤት ግንባታ መዘግየትና ከብክነት የጸዳ የዕቅድ አወጣጥ

ለትምህርት ቤት የሚሠራ ሕንፃ በወቅቱ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይደለም። መስከረም ሲጠባ ክፍሉ ካልተዘጋጀ ተማሪዎች በፈረቃ ወይም በዳስ ለመማር ይገደዳሉ፤ ያለፈውም የትምህርት ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። ሰሜን ወሎ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ቀጠና ሆኖ በርካታ ት/ቤቶች ስለ ተጎዱበት፣ ጉዳዩ በወልድያ፣ በመርሳና በመላው ሀብሩ ወረዳ ይበልጥ ክብደት አለው።

ለመዘግየት ዘወትር የሚጠቀሱት ምክንያቶች የሲሚንቶ እጥረት፣ የዋጋ መናር፣ የክፍያ መጓተትና ዝናብ ናቸው። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ብዙው ጊዜ የሚባክነው፣ አንድ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ ሳይሟላ እንዲጀመር በመታዘዙ ነው።

ይህን ለማረም የሚያገለግለው «ሊን» የተባለው ከብክነት የጸዳ አሠራር ሲሆን፣ መሠረቱ በጃፓን የቶዮታ ፋብሪካ የተገነባው የአመራረት ስልት ነው። በአገራችንም የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ተቀራራቢው አስተሳሰብ እየታወቀ መጥቶአል። በግንባታ ረገድ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃወል የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት፣ ለሳምንቱ ከታቀደው ሥራ በዚያው ሳምንት የሚፈጸመው ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆኑን ተገንዝበዋል። ከዚህም በመነሣት «የመጨረሻው ዕቅድ አውጪ» የተሰኘውን ዘዴ አዳብረዋል። የመጨረሻው ዕቅድ አውጪ የሚባለው ለሠራተኛው የዕለት ሥራ የሚያከፋፍለው ፎርማን ነው።

ዘዴው ሦስት ደረጃዎች አሉት። አንደኛ፣ ዕቅዱ ከፍጻሜው ወደ ኋላ ይቆጠራል። ለምሳሌ በሀብሩ የሚሠራ ባለ አራት ክፍል ሕንፃ ለመስከረም እንዲደርስ፣ የክረምቱ ዝናብ ከመጠናከሩ በፊት ጣራው መመታት አለበት፤ ስለዚህ እንጨቱና ቆርቆሮው በግንቦት ከቦታው ሊደርሱ ይገባል። አሸዋው ከወንዝ የሚወጣ ከሆነ የበልግ ደራሽ ሳይመጣ መከማቸት ይኖርበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ የቀን ሠራተኛው ወደ አዝመራ ስለሚሄድ፣ ለእነዚህ ወራት የሚመደበው ሥራ ይህን ያገናዘበ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ የመጪዎቹ ስድስት ሳምንታት ሥራዎች አንድ በአንድ ይመረመራሉ። ገንዘቡ ተፈቅዶአልን? ፌሮው ቀርቦአልን? ግንበኛው አለን? የጎደለውን የሚያሟላ ሰውና የሚያሟላበት ቀን ይወሰናል። ይህ ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ ድግሱን ሳያሰናዳ ደቦ የሚጠራ ገበሬ የለምና።

ሦስተኛ፣ ፎርማኑ ለሳምንቱ ቃል የሚገባው ዝግጅቱ ለተሟላ ሥራ ብቻ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ የተፈጸመው ይቆጠራል፤ ከ10 ሥራዎች 6ቱ ቢጠናቀቁ ውጤቱ 60 በመቶ ይሆናል። የቀሩት 4 ያልተሠሩበት ምክንያት የሚመዘገበው ግን ጥፋተኛ ለመፈለግ ሳይሆን፣ ያው እንቅፋት እንዳይደገም ለማድረግ ነው።

ይህ አሠራር ሲሚንቶ አያመርትም፤ በጀትም አይጨምርም። ጠቀሜታው የሚጎድለውን ነገር ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ከመቀመጡ በፊት ማሳየቱ ነው። አፈጻጸሙም አንድ ሰሌዳ፣ አንድ መዝገብና ሳምንታዊ ስብሰባ ብቻ ይጠይቃል። ርእሰ መምህሩና የወላጆች ተወካይ በስብሰባው ቢገኙ፣ የትምህርቱ መክፈቻ ቀን በዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ሳይዘነጋ ይኖራል።