ወደ ጎርጎራ የሄደ ምን ይመልከት?

ከግምጃ ቤት ተነሥተው በእንጅባራና በዳንግላ አድርገው ባሕር ዳር ቢደርሱ፥ ጣናን ከዳር አይተው ብቻ አይመለሱ። በሐይቁ ሰሜን ዳር ጎርጎራ አለች። አስቀድመው መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቁ።

በመጀመሪያ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመው፥ ጫማዎን አውልቀው ይግቡና የመቅደሱን ሥዕሎች ቀስ ብለው ይመልከቱ።

ቀጥሎ በጀልባ ወደ አሮጌው ጎርጎራ ይሻገሩ። የማርያም ግምብ ፍርስራሽ በዚያ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ።

ግንቡ አርጅቷልና ድንጋዩን አይነቅንቁ፥ ስምዎንም አይጻፉበት፤ ከርስዎ በኋላ የሚመጣ ተማሪ አለ።

ማታ ከዳር ተቀምጠው የደንገል ታንኳ ሲመለስ ይመልከቱ።