ገና እና ጎልፍ፦ በዱላ የመምታት ሁለት ጥበብ

ገና በሁለት ወገን የተሰለፉ ተጫዋቾች ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር፣ ማለትም ድቡልቡል የእንጨት ኳስ፣ እየመቱ ወደ ተጋጣሚያቸው ግብ የሚያደርሱበት፣ ስሙንም ከልደት በዓል የወሰደ የሜዳ ጨዋታ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ በሰፊው የሚታወቅ ሲሆን፣ የመካነ ሰላምን ከተማ ይዞ ወደ ሳይንትና ወደ ለጋምቦ ወረዳዎች የሚዘረጋው፣ በምዕራብ በዓባይ ሸለቆ የሚገደበው የደቡብ ወሎ ደጋም ለዚህ ጨዋታ የተመቸ አገር ነው። ኳስን በዱላ መምታት ሲባል የሌላው ዓለም ሰው ፈጥኖ የሚያስበው ጎልፍን በመሆኑ፣ የገናን ጠባይ ለመረዳት ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል።

ጎልፍ አንድ ሰው ትንሽና ጠጣር ኳስ በዱላ እየመታ በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ በተራ ወደሚገኙ ጉድጓዶች የሚያስገባበት፣ በጥቂት ምት የጨረሰውም የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ሙሉ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፤ በሕጉ መሠረት የኳሱ ወርድ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም፣ ክብደቱም ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ የጉድጓዱ አፍ ደግሞ 108 ሚሊ ሜትር ነው። አንድን ጉድጓድ ጎበዝ ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የተወሰነው የምት ቁጥር ፓር ይባላል። ፓሩ ሦስት የሆነ ጉድጓድ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሜትር ርቆ የሚገኝ በመሆኑ፣ ከመነሻው በተሰነዘረ አንድ ምት ኳሱን እዚያ ማስገባት፣ በጎልፍ ቋንቋ ሆል ኢን ዋን፣ በጨዋታው ውስጥ እጅግ ከሚከበሩ ነገሮች አንዱ ሆኗል። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት መሠረት አማተር፣ ማለትም ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ የሚጫወት ሰው፣ ይህ የሚገጥመው ከ12,500 ምት በአንዱ ሲሆን፣ ባለሙያውን ከ2,500 በአንዱ ይገጥመዋል። በዚህ ግምት ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነቱ አምስት እጥፍ ብቻ መሆኑ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠለጠነው ሰው በትርፍ ጊዜው ብቻ ከሚጫወተው የሚበልጠው በዚህ ያህል ከሆነ፣ የቀረው የነፋሱ፣ የሣሩና የመሬቱ ዘንበል ማለት ድርሻ ነው። አማተሮቹም በቁጥር እጅግ ስለሚበዙ አብዛኛው ሆል ኢን ዋን የእነርሱ ነው። በብዙ አገር ዕድሉ የቀናው ሰው ለባልንጀሮቹ መጠጥ መጋበዝ ይጠበቅበታል፤ በጃፓንማ ግብዣው ከመክበዱ የተነሣ ለዚሁ ወጪ የሚገባ ኢንሹራንስ አለ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጎልፍ ከጥቂት ስፍራዎች አልፎ አልተስፋፋም፤ ከእነዚህ አንዱ በአዲስ አበባ የብሪታንያ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ውስጥ ያለው ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ነው። በወሎ ደጋ የጎልፍ ሜዳ ቢኖር ኖሮ ኳሱ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ርቆ ይሄድ ነበር፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ስለሚሳሳ የሚበረውን ኳስ የሚይዘው ኃይል ይቀንሳልና። ሩር ግን ከሚበርበት ጊዜ ይልቅ መሬት ለመሬት የሚነጥርበትና የሚንከባለልበት ጊዜ ስለሚበዛ ከአየሩ መሳሳት ብዙም አይጠቀምም፤ ለእርሱ ዋናው ነገር የመሬቱ ድርቀት ነው።

የጨዋታውን ወቅት የወሰነው ይህ የመሬት ድርቀት ይመስላል። ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ የክረምቱ ጭቃ ደርቋል፣ መሬቱ ጠንክሯል፣ ሰብሉም በአመዛኙ ታጭዶ ወደ አውድማ ስለገባ ማሳው ቃርሚያ ብቻ ቀርቶበታል። በሌሎች ወራት ገብስ የሚበቅልበት መስክ በእነዚህ ሳምንታት ለከብትም ለተጫዋችም ክፍት ነው። በትውፊት ጨዋታው ከእረኞች ጋር ይያያዛል፤ የጌታን መወለድ የሰሙት እረኞች በደስታ በያዙት በትር እንደተጫወቱ ይነገራል። እረኝነት በዱላና በሜዳ ላይ የሚውል ሥራ በመሆኑ ትውፊቱ ከኑሮው ጋር ይስማማል።

የጨዋታው ዕቃ ሁለት ብቻ ነው። ዱላው፣ እርሱም ራሱ ገና የሚባለው፣ እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት ይቆረጣል፤ በተፈጥሮው የቆለመመ ቅርንጫፍ ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ ግን እርጥቡን እንጨት በእሳት እየለበለቡ ያጎብጡታል። ሩሩ ከጠንካራ እንጨት ወይም ከዛፍ ሥር ተጠርቦ ይድበለበላል፤ ከጠፍር የሚሠራው ደግሞ ጥንግ ይባላል። የወይራ ደን በተመናመነበትና ባሕር ዛፍ በበዛበት ቀበሌ ቆልማማ እንጨት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ የሚያድግ በመሆኑ ለቤት ማገር እንጂ ለገና አይመችም። ከመካነ ሰላም ብዙ የማይርቀው፣ ቀድሞ የደንቆሮ ደን ይባል የነበረው የቦረና ሳይንት ፓርክ የተፈጥሮ ዛፎችን አቅፎ መቆየቱ ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ላለው የእንጨት ዕውቀትም ዋጋ አለው፤ ዛፉን በዓይኑ ያላየ ልጅ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ሊያውቅ አይችልም።

ቡድኖቹ በመንደር፣ በላይ ቤትና በታች ቤት፣ ወይም ባገቡና ባላገቡ ሊከፈሉ ይችላሉ፤ እያንዳንዱም አበጋዝ የሚባል መሪ አለው። በገጠሩ አጨዋወት የተጫዋቹ ቁጥር የተወሰነ አይደለም፤ ግቡም ስምምነት የተደረሰበት ዛፍ፣ ወንዝ ወይም ኮረብታ ሊሆን ስለሚችል ከግብ እስከ ግብ ያለው ርቀት ከእግር ኳስ ሜዳ በብዙ ይበልጣል። በዚህ የተነሣ አንድ ሰው ሩሩን በአንድ ምት ከመነሻው እስከ ግብ ያደርሳል ተብሎ አይታሰብም። በጎልፍ ሜዳ ኳሱ እስኪመታ ድረስ ሁሉም ዝም ይላል፣ ማንም አይነካውም፤ በገና ሜዳ ግን ሩሩ ሳይቆም በሩጫ ላይ ይመታል፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፣ ቅልጥምም ይመታል። ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በጨዋታው ቀን ጌታ በሎሌው ምት እንዳይቆጣ ልማዱ ያዛል፣ ይህንንም የሚናገር የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር አለ። በሥርዓተ ማዕረግ ጥብቅ በነበረ ኅብረተሰብ ውስጥ ለዚህ ያህል ፈቃድ መሰጠቱ ከጨዋታው ሁሉ የላቀ ነገር ነው። ያሸነፈው ወገን ከዚያ በኋላ ተሸናፊውን በግጥም ይሸነቁጣል።

ስለዚህ የገና የቅርብ ዘመድ ጎልፍ ሳይሆን ሽንቲ ነው። ሽንቲ የስኮትላንድ ደገኞች በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት፣ ድሮ በአዲስ ዓመት ሰሞን ቁጥራቸው ያልተወሰነ መንደርተኞች እርስ በርስ የሚገጥሙበት ጨዋታ ሲሆን፣ ጎልፍ ደግሞ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ በምሥራቁ ጠረፍ አሸዋማ ሣር ላይ አድጓል። አንድ አገር የሕዝቡንም የግለሰቡንም ጨዋታ ወልዶ የግለሰቡ ዓለምን ሲዞር የሕዝቡ በአመዛኙ በአገሩ ቀርቷል። ሽንቲ እ.ኤ.አ. በ1893 ማኅበር ተቋቁሞለታል፤ ዛሬም በአንድ ወገን 12 ተጫዋች ይሰለፋል።

ገናም ዛሬ የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከሚመራቸው ውድድሮች አንዱ በመሆኑ፣ በወሰን በተከለለ ሜዳ፣ በተቆጠሩ ተጫዋቾችና በዳኛ ይካሄዳል። ይህ ጨዋታውን ከከተማ ልጅ ጋር አስተዋውቋል፣ ጉዳቱንም ይቀንሳል። ሆኖም ግቡ ወንዝ ወይም ኮረብታ የሆነበት፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም የሚገባበት የመስኩ ገና ከዚህ የተለየ ጨዋታ ነው፤ የውድድሩ ደንብ በወረቀት እንደሰፈረ ሁሉ የእያንዳንዱ ወረዳ የቡድን አከፋፈል፣ የግብ አመራረጥና የዳኝነት ልማድም በራሱ ስም ሊመዘገብ ይገባዋል።