ዋኤ ሬቦ፦ መንገድ ከተራራው ሥር የቆመባት መንደር

የኢንዶኔዥያ መንግሥት «ዴሳ» እያለ የሚጠራቸው የገጠር ቀበሌዎች ወደ 75000 ይደርሳሉ። ከእነዚህ መካከል በተራራ ጫፍና በገደል ማዶ የተተከሉት፣ ሐኪምም መምህርም በቀላሉ የማይደርስባቸው፣ ሀገሪቱ ነጻነቷን ካወጀችበት ከ1945 ጀምሮ (የዘመን አቈጣጠራችን በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ለመንግሥት ሹማምንትም ለሊቃውንትም ያልተፈታ ጥያቄ ሆነው ኖረዋል። ጥያቄውም ሕዝቡ ወደ መንገዱ ይውረድ ወይስ መንገዱ ወደ ሕዝቡ ይውጣ የሚል ነው። ነገሩን በጥቅሉ የተናገሩት ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እኛ በአንዲት መንደር በኩል ብንመረምረው ይሻላል፤ እርሷም በፍሎሬስ ደሴት፣ በማንጋራይ አውራጃ የምትገኘው ዋኤ ሬቦ ናት።

ዋኤ ሬቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ዙሪያዋን በደንና በተራራ ታጥራ ትኖራለች። መኪና ከዴንጌ መንደር በላይ ብዙም አይሄድም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጎዳና ለእግር ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ ለለመደው ሰው ሁለት ሰዓት፣ ላልለመደው ሦስትና አራት ሰዓት ያስኬዳል። መንደሪቱን ስመ ጥር ያደረጓት ምባሩ ኒያንግ የተባሉት ሰባት ክብ ቤቶች ናቸው። ክዳናቸው ከጕልላቱ ተነሥቶ እስከ መሬት ስለሚወርድ ከሩቅ ላያቸው የሣር ክምር ይመስላሉ፤ ቁመታቸው 15 ሜትር ያህል ሲሆን፣ እንጨቱ የተያያዘው ያለ ምስማር በሐረግ ማሰሪያ ብቻ ነው። በውስጣቸውም አምስት ደርብ አለ፤ በመጀመሪያው ቤተሰቡ በእሳቱ ዙሪያ ይኖራል፤ በሁለተኛው እህልና ዕቃ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ዘር፣ በአራተኛው ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ፣ በአምስተኛውና በጠባቡ ደርብ ደግሞ ለአባቶች መናፍስት የሚቀርበው መባ ይኖራል። ዘሩ ከዕለቱ ምግብ በላይ የተሰቀለው የተራበ እጅ ቀድሞ እንዳይደርስበት ይመስለኛል፤ ይህን ሥርዐት ያወጡት ሰዎች ረኀብን በወሬ ብቻ የሚያውቁ አልነበሩም።

የመንደሪቱ ትውፊት የመጀመሪያው አባታቸው ማሮ ከሱማትራ ደሴት፣ ከሚናንግካባው ሀገር ባሕር ተሻግሮ እንደ መጣ ይተርካል። ዛሬ ሕዝቡ እንደ አብዛኛው የፍሎሬስ ሰው የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ነው፤ ይሁን እንጂ የዘመን መለወጫ በዓላቸውን ፔንቲን በኅዳር ወር ሲያከብሩ፣ በመንደሪቱ መካከል በድንጋይ በተሠራው ክብ መሠዊያ ዙሪያ እንደ ጥንቱ ይሰበሰባሉ። በካህኑ ቅዳሴና በሽማግሌው ምርቃት መካከል ጠብ ያለ አይመስላቸውም፤ እኛም እንዲጣሉ የምንሻበት ምክንያት የለንም።

ከሃያ ዓመት በፊት ግን ከሰባቱ ቤቶች ቆመው የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። በ2008 ዮሪ አንታር የተባለ የጃካርታ የሕንጻ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ወጥቶ ባየ ጊዜ፣ የራሱን ንድፍ ከማምጣት ይልቅ ገንዘብ የሚረዱ ሰዎችን ፈልጎ ሥራውን ለመንደሪቱ ሰዎች ተወው። ያዋቂዎቹ እጅ ሳይነጥፍ ወጣቶቹ እየሠሩ ተማሩ፤ የወደቁት ተተከሉ፤ ያረጁት ታደሱ። በ2012 ዩኔስኮ በእስያና በፓስፊክ አገሮች ለቅርስ ጥበቃ ከሚሰጠው ሽልማት ከፍተኛውን ማዕረግ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ እንግዳው በዝቶ፣ መንገደኛውን ማስተናገድ፣ ማብላትና ማሳደር ከግብርና ጋር የሚተካከል መተዳደሪያ ሆነ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚነገረው ግማሹ ብቻ ነው። ዋኤ ሬቦ ከታች በቆላው በኩል ኮምቦ የምትባል መንትያ መንደር አላት። ትምህርት ቤት ያለው በታች በኩል ስለ ሆነ፣ ልጆች ለመማር የደረሱላቸው ቤተሰቦች ወደዚያ ይወርዳሉ፤ በላይ የሚቀሩት ቡናውንና ቤቶቹን የሚጠብቁት ናቸው። ስለዚህ ሕዝቡ ይውረድ ወይስ መንገዱ ይውጣ ለሚለው ክርክር የመንደሪቱ ሰዎች ማንንም ሳይጠብቁ የራሳቸውን ፍርድ ሰጥተዋል፤ ራሳቸውን ለሁለት ከፈሉ። የዚህም ፍርድ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ አባት በላይ እናት በታች፣ ሕፃን ከአያት ዘንድ እየሆነ፣ አንዱ ቤተሰብ ሁለት እሳት ማንደድ ግድ ይሆንበታል። ፎቶግራፍ የሚያነሣው እንግዳ በትምህርት ወራት በሜዳው ላይ ልጅ ያነሰበትን ምክንያት ብዙ ጊዜ አይጠይቅም።

የቡናውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ጥንተ ምንጩ የሀገራችን የኢትዮጵያ ደን የሆነው የአረቢካ ቡና በየመን በኩል ዞሮ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሆላንዶች እጅ ጃቫ ደረሰ፤ ከ1870ዎቹ በኋላ የቅጠል ዋግ መጥቶ የቆላውን ተክል ስለ ፈጀው፣ አረቢካ በኢንዶኔዥያ የደጋ ሰው ሀብት ሆኖ ቀረ። ተራራው ለዋኤ ሬቦ ገበሬ ይህን ጸጋ ሲሰጠው በሌላ እጁ ደግሞ ይነሣዋል፤ ቡናው በጀርባ ወርዶ፣ ሩዙና ጨው በጀርባ ስለሚወጣ፣ ከመንገዱ ዳር የቆመው ነጋዴ የሚሰጠው ዋጋ የሸክሙን ድካም አይከፍልም። እንግዲህ የመንገድ መታጣት ቡናውን ያረክሰዋል፤ ያው የመንገድ መታጣት ግን እንግዳውን ያስከብረዋል፤ ማንም በመኪና የሚደርስባት ቢሆን ኖሮ፣ ከሩቅ ሀገር መጥቶ ጭቃና ዳገት ችሎ የሚያድርባት ሰው ያን ያህል ባልተገኘ ነበር። የዚህች መንደር ልማት የሚባለው ነገር የተቋጠረው በዚህ ላይ ነው፤ ቡና ብቻ ያለው ሰው መንገዱን ይመኛል፤ እንግዳ የሚያሳድረው ይፈራዋል፤ ሁለቱም በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ። በመንደሪቱ የበቀለውን ቡና ቆልቶና ፈጭቶ ለእንግዳው እዚያው መሸጥ ነገሩን በጥቂቱ አስታርቆታል፤ ዳሩ ግን እንግዳ የሚጠጣው ከሚለቀመው ጥቂቱን ነው።

የመንግሥቱ እጅ በዚህ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ እንይ። በ1979 የወጣው 5ኛ ቍጥር ሕግ የገጠሩን አስተዳደር ሁሉ በጃቫ አምሳል አንድ ወጥ አደረገው። በማንጋራይ መንደሩን የሚመራው ቱኣ ጎሎ፣ ሊንግኮ የተባለውንም የጋራ መሬት ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ዳር እያሰፋ ለየቤተሰቡ የሚከፍለው ቱኣ ቴኖ ሥልጣናቸው በትውፊት ብቻ ተወሰነ፤ ማኅተሙ ለዴሳው ሹም ሆነ። በ1994 መንግሥት ወደ ኋላ ለቀሩ መንደሮች ለእያንዳንዳቸው በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ሩፒያ መስጠት ጀመረ። የፕሬዚዳንት ሱሃርቶ መንግሥት በ1998 ከወደቀ በኋላ ሥልጣን ወደ አውራጃዎች ወረደ፤ በ2014 የወጣው 6ኛ ቍጥር ሕግም የመንደሮችን የጥንት መብት አክብሮ፣ ገንዘቡን በቀጥታ ከማዕከላዊው ግምጃ ቤት እንዲያገኙ አደረገ። በ2015 ወደ 20.7 ትሪሊዮን ሩፒያ የነበረው ይህ ድርሻ በ2019 ወደ 70 ትሪሊዮን ደረሰ። በእርሱም ድልድይ ተሠርቷል፤ የውሃ ቧንቧ ተዘርግቷል፤ ጥቂት የማይባሉ የዴሳ ሹማምንትም ገንዘቡን በልተው ወኅኒ ወርደዋል።

ታዲያ ዋኤ ሬቦ በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ዴሳ አይደለችም፤ በሳታር ሌንዳ ዴሳ ሥር የምትቆጠር ሰፈር ናት። ስሟ እስከ ፓሪስ ቢጠራም፣ የዴሳው ገንዘብ ሲደለደል ከቆላዎቹ ሰፈሮች ጋር ተሰልፋ ትጠይቃለች። በቆላው አንድ ሜትር መንገድ ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ በተራራው ያው ሜትር በብዙ ወጪ ለጥቂቶች ይደርሳል። ስሌቱ ሐሰት የለበትም፤ ግን በእርሱ ብቻ ከተፈረደ ተራራው ምን ጊዜም ተራ አይደርሰውም። መንግሥት ራሱ ከዚህ ስሌት የወጣበት ጊዜ አለ። በ2016 ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ በፓፑዋ ተራሮች ቤንዚን ከጃቫው በማይበልጥ ዋጋ፣ ሊትሩ በ6450 ሩፒያ እንዲሸጥ አዘዙ፤ ከዚያ በፊት በአውሮፕላን የሚወጣው ቤንዚን በአንዳንድ ስፍራ እስከ 100000 ሩፒያ ይሸጥ ነበር። የርቀቱን ዋጋ ሀገሪቱ በሙሉ እንድትሸከመው ማለት ነው።

አሁን ግን የፍሎሬስ ተስፋ በሙሉ በጕብኝት ላይ የተጣለ ይመስላል። በደሴቲቱ ምዕራብ ያለችው የላቡዋን ባጆ ወደብ፣ ወደ ኮሞዶ ደሴት መሻገሪያ የሆነችው፣ መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ እንዲለሙ ከመረጣቸው አምስት የጕብኝት ስፍራዎች አንዷ ናት፤ በ2018 ለብቻዋ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመላት፤ በ2023ም የደቡብ ምሥራቅ እስያ መሪዎች ጉባኤ ተደረገባት። በዚያው ዘመን ግን ደሴቲቱ ያለችበት የምሥራቅ ኑሳ ተንጋራ ጠቅላይ ግዛት በምግብ ማነስ ዕድገታቸው የቀነጨረ ሕፃናት በብዛት የሚገኙበት የኢንዶኔዥያ ክፍል ነበር፤ በ2022 በተደረገው ጥናት ከመቶው 35.3 ያህሉ እንዲህ ነበሩ። ሆቴል መቍጠር ቀላል ስለ ሆነ ሪፖርቱ በእርሱ ይጀምራል።

ከመንገዱ ክርክር ይልቅ ለዋኤ ሬቦ ዕድሜ የሚበልጠው ግን የደኑ ነገር ነው። የቤቶቹ ምሰሶ፣ ሐረግና ክዳን ከዙሪያው ዱር የሚገኝ ሲሆን፣ በማንጋራይ ደን ላይ በገበሬውና በመንግሥት መካከል ያለው ክርክር ደም ያፈሰሰ ነው። በምሥራቁ በኩል ባለችው በቾሎል የአውራጃው ባለሥልጣኖች «በጥብቅ ደን ውስጥ ተተክሏል» ያሉትን ቡና አስመንጥረው ገበሬዎችን ስላሳሰሩ፣ መጋቢት 10 ቀን 2004 በሩቴንግ ከተማ ለአቤቱታ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኵሶ ስድስት ሰዎች ሞቱ። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በግንቦት 2013 የባህላዊው ማኅበረሰብ ደን የመንግሥት ደን አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ፍርዱ ግን በሥራ የሚውለው አውራጃው ያን ማኅበረሰብ በሕግ ሲያውቀው ነው፤ ይህን እውቅና ለሀገሪቱ በሙሉ ሊያቃና የታሰበው የሕግ ረቂቅም ከአሥር ዓመት በላይ በምክር ቤቱ ሲንከባለል ኖሯል። የዋኤ ሬቦ ሰዎች ደግሞ ምሰሶው ሲበሰብስና የሣሩ ክዳን ሲያረጅ የመጥረቢያቸውን ፈቃድ ከማን እንደሚለምኑ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል።