የሕክምና ምስልን የሚያውክ ሞገድ፤ መነሻውና መከላከያው

በሀብሩ ወረዳ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበ እናትን በአልትራሳውንድ እየመረመረች ነው እንበል። የእንግዴ ልጁን አቀማመጥ ለመለየት ስትሞክር ምስሉን የሚያቋርጡ፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ የነጠብጣብ መስመሮች ይታያሉ። ከአጥሩ ውጭ የብረት በር የሚበይደው ሰው ሥራውን ሲያቆም መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ ሲጀምር ይመለሳሉ። መሣሪያው አልተበላሸም። ይሁን እንጂ እንግዴ ልጁ የማሕፀን በርን መሸፈን አለመሸፈኑ ካልተለየ፣ እናቲቱ እዚያው ትውለድ ወይስ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ትላክ የሚለው ውሳኔ በግምት ላይ ይወድቃል።

የምስል መሣሪያዎች መረጃቸውን የሚያስተላልፉት በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ መረጃው ገና ወደ አኃዝ ሳይለወጥ፣ በደካማ የኤሌክትሪክ ምልክትነት ከፕሮቡ ወደ መሣሪያው ይጓዛል። በሁለተኛው ደረጃ በአኃዝ መልክ ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ወደ ሌላ ተቋም ይላካል። ሁከት በመጀመሪያው ደረጃ ከገባ የምስሉ አካል ሆኖ ይቀራል፤ ኋላ ላይ ሙሉ በሙሉ ማጥራት አይቻልም። በሁለተኛው ደረጃ የሚገባ ሁከት ግን በአብዛኛው መላኩን ያዘገያል ወይም ያቋርጣል እንጂ የደረሰውን ምስል አይለውጥም። መፍትሔውም ለየቅል ስለሆነ አስቀድሞ ሁከቱ ከየት እንደገባ መለየት ይገባል።

የመጀመሪያው ደረጃ በቀላሉ የሚታወክበት ምክንያት የምልክቱ ድክመት ነው። የድምፅ ሞገድ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ ሲያልፍ በየሴንቲ ሜትሩና በየሜጋ ኸርዙ 0.5 ዴሲቤል ያህል ይዳከማል። በ3.5 ሜጋ ኸርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ወርዶ የሚመለስ ሞገድ ኃይሉ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ቀንሶ ይደርሳል ማለት ነው። መሣሪያው ይህንን ለማጉላት ሲገደድ አብሮ የገባውንም ሁከት ያጎላዋል፤ ሁከቱ ብዙ ጊዜ በምስሉ ታችኛ ክፍል ጎልቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። የብየዳ ብልጭታ፣ ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖልና የፓምፕ ሞተር የሚረጩት ሞገድ ደግሞ አልትራሳውንድ በሚሠራበት የሜጋ ኸርዝ ክልል ውስጥም ይገኛል።

ምንጩን ለመለየት የግድ መሐንዲስ መጠበቅ አያስፈልግም። መሣሪያው ባትሪ ካለው ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ነው። መስመሮቹ ከጠፉ ሁከቱ የገባው በኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ ካልጠፉ በአየር ወይም በፕሮቡ ገመድ በኩል ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ፕሮቡን መለወጥ ይገባል። በአንዱ ፕሮብ ብቻ ከታየ የገመዱ የውስጥ መከለያ ተጎድቶ ይሆናል። የመሣሪያው ጋሪ ጎማ በገመዱ ላይ ደጋግሞ ማለፉ ለዚህ ጉዳት የተለመደ ምክንያት ነው። ከዚያም በክፍሉ ያሉትን መብራቶችና ቻርጀሮች አንድ በአንድ ማጥፋት፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ምስሉን ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው በተለምዶ ግራውንድ የሚባለው የመሬት መስመር ነው። ሦስተኛ ጥርሱ የተሰበረ ሶኬት መሰኪያ ወይም ግራውንድ የሌለው ማራዘሚያ የሁከቱን መውጫ ይዘጋል። የከፋው ግን ይህ አይደለም፤ ከመሣሪያው የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ በታካሚዋና በመርማሪዋ አካል በኩል ወደ መሬት መንገድ ሊያገኝ ይችላል። በመሆኑም እንዲህ ያለ መሰኪያ ‹‹ይሠራል›› ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። መሣሪያውና ፕሪንተሩ ከተለያየ ሶኬት ኤሌክትሪክ ሲወስዱ የሚፈጠር ሁከትም አለ፤ ሁለቱን ከአንድ ጥሩ ሶኬት ማገናኘት ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል።

ወደ ትልልቆቹ መሣሪያዎች ስንሄድ መርሑ አይለወጥም። 1.5 ቴስላ የሆነ ኤም.አር.አይ. ከአካል የሚቀበለው ምልክት 64 ሜጋ ኸርዝ ገደማ ነው፤ ይህም የሬዲዮ ሞገድ ክልል ነው። ክፍሉ በመዳብ የሚለበጠው ከውጭ የሚመጣውን ሞገድ ለማገድ ነው። በሩ በሚገባ ሳይዘጋ ምርመራ ከተካሄደ በምስሉ ላይ ዚፐር የሚመስል መስመር ይሰመራል። በሩን ዘግቶ ምርመራውን መድገም ቀላል ነው፤ መስመሩን በሽታ ነው ብሎ መጻፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ከመርሳ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምስልን በኔትወርክ መላክ ታካሚን ከመንገድ ሊያድን የሚችለው ግን ምስሉ በጊዜው ሲደርስ ነው። እያንዳንዱ 512 በ512 ነጥብ የሆነ 300 ቁራጭ የሲቲ ምርመራ፣ ሳይታመቅ 150 ሜጋ ባይት ያህል ይመዝናል፤ በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ቢያንስ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ሁከት ባለበት መስመር የጠፉ እሽጎች ተደጋግመው ስለሚላኩ ጊዜው ይረዝማል። በሕንፃው ውስጥ ከዋይ ፋይ ይልቅ ገመድ መጠቀም፣ የኔትወርኩን ገመድ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አርቆ መዘርጋት፣ በሕንፃዎች መካከል ደግሞ በኤሌክትሪክ ሁከት የማይነካውን ፋይበር መምረጥ ይመከራል።

የኮምፒውተሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም መላክ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ካሜራው የገጹን ነጥቦች ሲያነሣ በምስሉ ላይ የሌሉ ሞገዳማ መስመሮች ይፈጠራሉ፤ እንደ ፎቶ ሲላክም መጠኑ ይታመቃል። ስስ የጎድን አጥንት ስንጥቅ ወይም ትንሽ የሳንባ አየር መፍሰስ በዚህ መካከል ሊሰወር ይችላል። ሌላ አማራጭ ከሌለ የታካሚውን ስም አጥፍቶ፣ ዋናውን ምስል ከመሣሪያው ገልብጦ በፋይል መልክ መላክ ይሻላል።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በሰሜን ወሎ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። እንዲህ ባሉ ተቋማት አዲስ መሣሪያ ሲተከል አሮጌው የሽቦ መስመርና ግራውንድ አብረው መለካት አለባቸው። ከተከላው በኋላም ሁከት በታየ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተሠራበትን ፕሮብና በዚያ ሰዓት በአካባቢው ይሠሩ የነበሩ መሣሪያዎችን በመዝገብ ማስፈር ለጥገና ባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው። የሁከቱ ሰዓት ከብየዳ ቤቱ የሥራ ሰዓት ጋር ከገጠመም ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ የእርግዝና ክትትሉን ብየዳ በማይሠራበት ሰዓት ማድረግ ይቻላል።